ምሳ ላይ ነው

ጋሽ ፍቅረማርያም እንግሊዝኛ በማወቁ ጓደኛውን ያጣ ሰው ነው። እንዲህ ብዬ ስጀምር የምቀልድ ይመስላል፤ አልቀልድም። እኛ አብረነው የምንሠራው፣ እንግሊዝኛችን የተሰባበረው ሰዎች፣ በቋንቋ ምክንያት ብዙ ጊዜ ተስቆብናል እንጂ ሰው አልሞተብንም። እሱ ግን «ጓደኛዬን ከፈለን የገደልኩት እኔ ነኝ» ይላል። አንድ ዓመት ሙሉ «አይደለም» ብለው ሊሰማኝ አልቻለም።

ፍኖተ ሰላም አሥራ ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሯል፣ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል። ዛሬ ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ሚስቱ ገና አገር ቤት ሳለ ሞታበታለች፤ ልጅ የለውም። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። በየማለዳው ቀዩን ባቡር ይዞ፣ ጋለሪ ፕሌስ ላይ ወደ ቢጫው ቀይሮ፣ አሌክሳንድሪያ ኪንግ ስትሪት ይወርድና ከአንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር ወዳለው ፓርኪንግ ይገባል። ፓርኪንጉ ወደ መሬት ውስጥ ሦስት ደርብ ይወርዳል፤ ፒ-ዋን፣ ፒ-ቱ፣ ፒ-ስሪ እንላቸዋለን። እኔ ላይ በሩ አጠገብ ባለችው የመስታወት ቡዝ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቲኬት እሰጣለሁ፤ ወንዶቹ ከደንበኛው ቁልፍ ተቀብለው መኪናውን ወስደው ያቆማሉ።

የጋሽ ፍቅረማርያም አመል ማረም ነበር። እኔን ያርመኛል፣ ደንበኛውን ያርማል፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ሳይቀር በእስክሪብቶ ያርማል። አለቃችን ዳርኔል የሚባል የሃያ ስድስት ዓመት ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ዋሽንግተን ተወልዶ ዋሽንግተን ያደገ። «ሂ ጉድ» ሲል ጋሽ ፍቅረማርያም ጣቱን ቀስሮ «ሂ ኢዝ ጉድ! ረዳት ግሡን የት ጣልከው?» ይለዋል። ዳርኔል ይስቃል። «ማይ ባድ፣ ቲቸር» ይላል። ከፈለ ደግሞ ከጎን ሆኖ «በእንግሊዝኛም በአማርኛም ጉድ ነው» እያለ ሁላችንን ያስቃል። ሰው አፉን የፈታበትን ቋንቋ ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ ማረም ድፍረት ነው ብዬው ነበር፣ አንድ ቀን። «ሰዋስው አገር የለውም» አለኝ።

ከፈለ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሱ ተቃራኒ ነበር። እሱም የፍኖተ ሰላም ሰው ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ዲቪ ደርሶት ቀድሞ የመጣው እሱ ነው፤ ጋሽ ፍቅረማርያም ከዓመታት በኋላ ሲመጣ ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለውም፣ ሥራ ያስገባውም እሱ ነው። እንግሊዝኛው ሃያ ቃል ቢሞላ ነው። ያልገባውን ግን አያፍርም፤ «ዋት ዩ ሚን?» ብሎ ደንበኛውን ሦስት ጊዜ ያስደግመዋል። ጋሽ ፍቅረማርያም በዚህ ይሳቀቅ ነበር።

ጋሽ ፍቅረማርያም እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚውለው አሌክሳንድሪያ ከፈለ ቤት ነው። የከፈለ ሚስት ጸዳለ እንደ ወንድሟ ታየዋለች። ልጃቸውን ሀሴትን ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው፤ «ጋሼ» እያለች ነው ያደገችው። በዚህ አገር ዘመድ የሚለው ያንን ቤት ብቻ ነው፤ ሌላ የለውም።

ከፈለ ስኳር ነበረበት፣ በየጠዋቱ መርፌ የሚወስድ። ባለፈው ዓመት ፍልሰታ ሲገባ ሐኪሙ «መርፌ እየወሰድክ እንዳትጾም» ብሎታል፤ የንስሐ አባቱም ፈቅደውለታል። እሱ ግን «ፍልሰታን ሕፃን እንኳ ይጾማታል፤ እኔ ሽማግሌው በልቼ በየትኛው ፊቴ ነው ቤተ ክርስቲያን የምቆመው?» ብሎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾም ጀመር። ጋሽ ፍቅረማርያም መጀመሪያ ለመነው፣ ቀጥሎ እኛ ሁላችን ፊት ተቆጣው። «ብላ፣ አንተ ሰውዬ! እመቤታችን የአንተን ሬሳ ምን ታደርግበታለች?» አለው። ከፈለም ተናደደ። «ከእንግዲህ ስለ ምግቤ እንዳታነሳብኝ» አለና ሁለት ቀን ተኳርፈው ዋሉ።

በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ በእኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጋሽ ፍቅረማርያም ከእኔ ቡዝ አጠገብ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። ዳርኔል ከታች፣ ከፒ-ስሪ፣ ስማቸውን እያሳጠረ በሬዲዮ ጠራው።

«ሚስተር ፊክ፣ ያንተ ሰው ኬፍ እዚህ ታች ላንቺን» አለው።

ሌላውን ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ፤ «ላንቺን» የምትለዋን ግን እንዳለች ትቻታለሁ፤ ነገሩ ሁሉ እሷ ላይ ነውና። እኔ በአማርኛ «ላንቺ» ያለኝ መስሎኝ ቀና አልኩ። የጋሽ ፍቅረማርያም ፊት ግን በራ። ላንች ምሳ ነው። መጨረሻዋን ዳርኔል እንደ ልማዱ ውጧታል፣ ረዳት ግሡንም እንደ ልማዱ ጥሎታል። መምህሩ የጎደለውን ሞላና አነበበው፦ ከፈለ ምሳ እየበላ ነው።

«ኢዝ! ኢዝ ላንቺንግ!» አለ በሬዲዮው እየሳቀ።

«ያ፣ ሂ ኢዝ» አለ ዳርኔል። እሱ አልሳቀም።

«ተወው፣ አትረብሸው። ሲጨርስ ራሱ ይወጣል» አለው ጋሽ ፍቅረማርያም በእንግሊዝኛ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ጓደኛዬ ነው፤ አውቀዋለሁ።»

«ኦልራይት» አለ ዳርኔልና ትቶት ከፒ-ስሪ ወጣ።

ጋሽ ፍቅረማርያም ወደ መስታወቴ ተጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በላ» አለኝ። «ማን?» አልኩት። «ከፈለ ነዋ! ታች ተደብቆ እየበላ ነው። እንዳላየን እንሁን» አለኝ። እኔም እልል ማለት ነው የቀረኝ። ጾም ሲገድፍ የተያዘ ሰው እንዴት እንደሚሸማቀቅ እኛ እናውቃለን። ያውም ሁለት ቀን ሙሉ ሲፎክር የከረመ ሰው! ሄዶ ከፊቱ መቆም ነውር ነው፤ ገመናውን ሸፍኖለት ማለፍ ነው ወግ።

እሱም ሸፈነለት። የሚገባውን መኪና ሁሉ ፒ-ቱ ላይ አስቆመ። አንዱ ሠራተኛ ወደ ታች ሊወርድ ሲል «ፒ-ስሪ ሞልቷል» ብሎ ዋሽቶ መለሰው። የከፈለን ሥራ ከራሱ ጋር ደርቦ፣ ያንን የታመመ ጉልበቱን እየጎተተ በደረጃው ወጣ፣ ወረደ። አንዲት ሴትዮ መጥታ ቁልፏን የተቀበላት ሰውዬ የት እንዳለ ስትጠይቀው «ምሳ ላይ ነው» አላት፣ ልጁ እንደተመረቀለት አባት ደረቱን ነፍቶ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል እሰማ ነበር። ሃምሳ ደቂቃ ነው የቆየው፤ እንደዚያን ሃምሳ ደቂቃ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ሴትዮዋ ተመልሳ መጣችና «እስካሁን ምሳ ነው?» አለች። ቁልፉ ከፈለ ኪስ ውስጥ ስለነበረ መውረድ ግድ ሆነ። በኋላ እንደነገረኝ፣ ፒ-ስሪ ከመግባቱ በፊት ደረጃው ላይ ቆሞ ሆን ብሎ ጮክ ያለ ሳል ሳለ፤ ከፈለ ሰምቶ አፉን እንዲጠርግ ብሎ። መልስ ሲያጣ ገባ። ከፈለ ከመጨረሻው ምሰሶ ጀርባ፣ በአንድ ነጭ ቫንና በግድግዳው መሀል ወድቆ አገኘው። አጠገቡ የምግብ ዕቃ አልነበረም።

አምቡላንስ ቶሎ ደረሰ። ስኳሩ ከመጠን በላይ ወርዶ ነበር። ከፈለ ሆስፒታል ገባ፤ ዓይኑንም አልገለጠም።

በማግስቱ ዳርኔል ቡዜ ድረስ መጣ። ጋሽ ፍቅረማርያም እዚያው ቆሟል።

«ነገርኩህ እኮ» አለው። «ላንቺን አልኩህ፤ አንተ ተወው አልከኝ።»

«ምሳ እየበላ ነው አልከኝ እንጂ!»

«ምን ምሳ? ሰውዬው ክብ እየዞረ ከመኪና ጋር ያወራ ነበር! ላንቺን! ልክ አይደለም፣ እንደ እብድ እየሆነ ነው፣ ማለት ነው!»

ሁለቱ ተያዩ። ዳርኔል ከጋሽ ፍቅረማርያም ቀድሞ ገባው መሰለኝ፤ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለና በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። «አውቀዋለሁ ስትለኝ፣ በሽታው እንደዚህ የሚያደርገው መስሎኝ ነው» አለ። ጋሽ ፍቅረማርያም አላረመውም።

ቅዳሜ ዕለት ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሟ ጸዳለን አስቀምጣ አነጋገረቻት። አስተርጓሚው እንደ ወትሮው ጋሽ ፍቅረማርያም ነው። «ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ትንሽ ስኳር እንኳ አፉ ውስጥ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር» አለች ሐኪሟ። እሱም ወደ አማርኛ መለሰው፣ አንዲት ቃል ሳይቀንስ። እኔ ከሱ ጎን ቆሜ ነበር። ከፈለ እሑድ አረፈ።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን ጋሽ ፍቅረማርያም ሀሴትን ወደ መስኮቱ ወስዶ ቀስ ብሎ ጠየቃት፤ ላንቺን ምን ማለት ነው? ሀሴት ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ተወልዳ ኮሌጅ ኦሃዮ የተማረች ናት።

«ጋሼ፣ ያ የዚህ አካባቢ ቶክ ነው እኮ» አለችው። «አክቲንግ ክሬዚ ማለት ነው፣ ላይክ፣ ልክ አይደለም። ኦሃዮ እያለሁ ስለ ሩምሜቴ ‹ሺ ላንቺን› ብላቸው ሁሉም ሰዓታቸውን አዩ! ኖባዲ ጋት ኢት፣ ማንም አልገባውም። የዲሲ ነገር ነው።» ይህን ስትል ለቅሶ ቤት መሆኗን ረስታ ሳቀች። ከዚያ አፏን ያዘች። «ለምን ጠየቅከኝ?»

«ለማወቅ» አላት።

ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ቤት ሲመላለስ ሰነበተ፤ እያንዳንዱ ቀን ግን ይበላው ነበር። ምክንያቱም ጸዳለ ጥፋቱን ሁሉ ለራሷ ወስዳዋለች። ያን ዕለት ጠዋት ከፈለ «ሥራ ስደርስ እበላለሁ» ብሏት፣ አምናው፣ መርፌውን የወጋችው እሷ ናት። ለለቅሶ ለመጣው ሰው ሁሉ «በባዶ ሆዱ ወግቼ የገደልኩት እኔ ነኝ፣ እጄ ይቆረጥ» ትላለች። የተረፉትን መርፌዎች ከፍሪጅ አላወጣቻቸውም። ውሃ ልትቀዳ በከፈተች ቁጥር ታያቸዋለች፣ በሩን እንደያዘች ታለቅሳለች።

እኔ ክፉ ምክር መክሬዋለሁ፤ ልደብቀው አልችልም። «ዝም በል» አልኩት። «ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከፈለ አይመለስ። አንተ ደግሞ ያ ቤት ከተዘጋብህ የት ልትወድቅ ነው?»

«እሷ የኔን ሸክም ተሸክማ እያለቀሰች፣ እኔ አጽናኝ ሆኜ ቡናዋን እጠጣለሁ?» አለኝ።

«ብትነግራት ሁለተኛ ደጇን አትረግጥም፤ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ» አለና ደነገጠ። «አውቃለሁ» የምትለዋን ቃል ሲሸሻት ነበር የሰነበተው።

የከፈለ አርባ ቅዳሜ ቀን ወጣ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንግዳው በልቶ ጠጥቶ ተበተነና ከቀትር በኋላ አራታችን ብቻ ቀረን። ጸዳለ ኩሽና ሰሃን ታጥባለች፣ ሀሴት ታደርቃለች፣ እኔ የተረፈውን ወጥ በዕቃ እገለብጣለሁ። ጋሽ ፍቅረማርያም በሩ ላይ መጥቶ ቆመ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ።

«ጸዳለ፣ መርፌው አይደለም» አለ።

«ምኑ?»

«የገደለው ያንቺ መርፌ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ነገራት። ከሬዲዮው ጀምሮ፣ መሳቁን፣ «አውቀዋለሁ» ማለቱን፣ መኪናውን ሁሉ ፒ-ቱ ማስቆሙን። «ፒ-ስሪ ሞልቷል» ብሎ ሰው መመለሱን እንኳ ይተወዋል ብዬ ነበር፤ አልተወውም። ደረጃው ላይ መሳሉንም ነገራት።

«ባላውቀው ኖሮ እጠይቅ ነበር» አለ። «ከፈለ ቢሆን ‹ዋት ዩ ሚን› ይል ነበር። ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ! እሱ ቢሆን ጠይቆ ያድነኝ ነበር። እኔ ቃሉን አውቃለሁ አልኩ።»

ሀሴት የያዘችውን ሰሃን አስቀመጠች። «ዩ ኒው? ታውቅ ነበር?» አለች። «ያን ቀን መስኮቱ ጋ ስትጠይቀኝ፣ ዩ ኦልሬዲ ኒው?»

«አዎ፣ ልጄ።»

«አይ ላፍድ!» ብላ ጮኸች። «አባዬ ሞቶ፣ አንተ ጠይቀኸኝ፣ አይ ላፍድ፣ ጋሼ!» ጃኬቷን እንኳ ሳትይዝ በሩን በርግዳ ወጣች። ያችን ሳቅ ለራሷ ይቅር ማለት እንዳቃታት ነው የገባኝ፣ እሱንም ስለዚያች ሳቅ።

ጸዳለ ቧንቧውን ዘጋች። ፊቷን አላዞረችም። እኔ ስድብ ጠበቅሁ። ብትሰድበው ደግሞ አልፈርድባትም ነበር።

«ሲበላ መስሎህ ነው የተውከው?» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ደስ አለህ?»

ጋሽ ፍቅረማርያም ኮፍያውን አገላበጠ። «በጣም» አለ። «በጣም ደስ አለኝ፣ ጸዳለ።»

ጸዳለ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። አርባ ቀን ሙሉ አልቅሳለች፤ እንደዚህ ግን አላለቀሰችም። «እኔም ብሆን እተወው ነበር» አለች ከነጠላው ሥር። «እንዳያፍር ብዬ እተወው ነበር።»

ሁሉም ነገር በዚህ ተፈጸመ ብል ደስ ባለኝ። ጸዳለ መርፌዎቹን በማግስቱ ከፍሪጅ አወጣቻቸው፤ እጄ ይቆረጥ ማለቷንም ተወች። ለሱ ግን «ለጊዜው እሑድ አትምጣ፣ ልጅቷ ትብረድ» አለችው። እስከ ጥምቀት ድረስ ያን ቤት አልረገጠም። እሑዶቹን ሲልቨር ስፕሪንግ ክፍሉ ውስጥ እንዴት እንዳሳለፋቸው አላውቅም። አሁን ይሄዳል። ሀሴት በሩን ትከፍትለታለች፣ ሰላም ትለዋለች፣ ውሃም ታቀርብለታለች። ጋሼ ግን አትለውም። እሱ ፊደል ያስቆጠራት ልጅ አሁን በስሙ ነው የምትጠራው።

ማረሙን ተወ። የተጻፈ ስሕተት አጠገብ እያለፈ አያነብም። ደንበኛ አንድ ነገር ሲለው «ዋት ዩ ሚን?» ይላል፤ የገባውን ጭምር። አንዳንዱ ይሰለቻል፣ አንዳንዱም ደንቆሮ መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግምለታል። እሱ ራሱን እየነቀነቀ እስከ መጨረሻው ያዳምጣል። ዳርኔልም «ላንቺን» ማለቱን ትቷል። በሬዲዮ ሲናገር እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ረዳት ግሡን እያስገባ፣ ቃል በቃል፣ ቀስ ብሎ ነው። «ሂ ኢዝ» ሲል በሰማሁ ቁጥር ሰዓቴን አያለሁ።

ዘንድሮም ፍልሰታ ገብቷል። ከከፈለ በኋላ በየደርቡ ካሜራ ስለተተከለ ፒ-ስሪን ከቡዜ ሆኜ አያታለሁ። ትናንት እኩለ ቀን ላይ ዳርኔል በሬዲዮ «ሚስተር ፊክ፣ አይ አም ኢቲንግ ማይ ላንች፣ ፒ-ስሪ» አለ፣ እያንዳንዷን ቃል ለይቶ። ጋሽ ፍቅረማርያም ኪሱን ዳበስ አደረገ። ከከፈለ ሞት ወዲህ ትንሽ ጠርሙስ ጁስ ከኪሱ አይለይም። ጉልበቱን እየጎተተ ደረጃውን ሲወርድ አየሁት፤ በየቀኑ ይወርዳል፣ ማንም ምሳ ላይ ነኝ ባለ ቁጥር።

ካሜራው ድምፅ የለውም። ዳርኔል ከመጨረሻው ምሰሶ አጠገብ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጧል። ጋሽ ፍቅረማርያም መጥቶ ፊቱ ቆመ። ዳርኔል ሳንድዊቹን ከፍ አድርጎ አሳየው፣ ከዚያ ገመጠለት። ዳርኔል አኝኮ እስኪውጥ ድረስ ጋሽ ፍቅረማርያም ቆሞ ጠበቀውና ተመልሶ ወጣ።